ማታ ማታ ቮልቴጁ 168 ይወርዳል፤ ለላብራቶሪ ዕቃዎች ምን ዓይነት ስታቢላይዘር ይገዛ? (አዳማ)

ላብ_አዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዳማ ደምበላ ውስጥ ላለ የክሊኒክ ላብራቶሪ ስታቢላይዘር (ሲወርድና ሲወጣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ዕቃ) ሊገዛ ነው። የሻጮቹ መልስ አንድ ነው፦ «ባለ 5 ኬቪኤ አንድ ትልቅ ግዙና ሁሉንም እሱ ላይ ሰኩ።» (5 ኬቪኤ 5000 ቪኤ ነው፤ ቪኤ ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር።) ገንዘቡ ቀላል ስላልሆነ ከመከፈሉ በፊት ሙያው ያላችሁ ብታዩልን።

ላብራቶሪው ሶኬት ላይ በመልቲሜትር ሲለካ ጠዋት 2 ሰዓት 214 ቮልት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 205፣ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ከ168 እስከ 176፣ ሌሊት 7 ሰዓት 236 ያሳያል። ማታ 176 ላይ እያለ አውቶክሌቩ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው) ሲበራ ወደ 164 ይወርዳል፣ ሲጠፋ ወደ 176 ይመለሳል።

ዕቃዎቹ የሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ፍሪጅ (220 ቮልት፣ 1.2 አምፒር)፣ ከፊል አውቶማቲክ ኬሚስትሪ ማሽን (120 ቪኤ)፣ ሲቢሲ ማሽን (የደም ሴል የሚቆጥር፣ 300 ቪኤ)፣ ሴንትሪፊውጅ (ናሙና አሽከርክሮ የሚለይ፣ 350 ዋት)፣ አንድ ኮምፒውተር ከሌዘር ፕሪንተር ጋር፣ እና 2 ኪሎ ዋት አውቶክሌቭ ናቸው። ፍሪጁ ላይ አሁን ባለ 1000 ቪኤ ስታቢላይዘር ተገጥሟል። ማታ ማታ ያለ እረፍት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ኮምፕሬሰሩም አንዳንዴ ትንሽ ያጉረመርምና ሳይነሳ ይቆማል።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ትልቅ ይሻላል ወይስ ለየብቻ? ባለ ሬሌይ ወይስ ባለ ሰርቮ? ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥለው) ከስታቢላይዘሩ በፊት ነው የሚገባው ወይስ በኋላ? ስታቢላይዘር ካለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል?

ጥገና_ናዝሬት

ልኬቱን በየሰዓቱ መዝግበህ ማምጣትህ ሥራውን አቅልሎታል። ግን ስለ ስታቢላይዘር ከመነጋገራችን በፊት ያ ከ176 ወደ 164 የሚወርደው 12 ቮልት የት እንደሚቀር መታወቅ አለበት።

ሂሳቡን እንየው። 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት ሲሰላ 24 ኦም ገደማ ነው፤ 164 ቮልት ላይ 6.8 አምፒር ያህል ይስባል። በ6.8 አምፒር 12 ቮልት ከጠፋ መንገዱ ላይ ወደ 1.8 ኦም አለ ማለት ነው። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ላብራቶሪው 25 ሜትር ነው እንበል፤ ሽቦው ባለ 2.5 መዳብ ከሆነ ሄዶ መልሱ 50 ሜትር፣ ተቃውሞው 0.37 ኦም ብቻ ነው። በሽቦው ርዝመት ምክንያት ሊጠፋ የሚገባው 2.5 ቮልት ነበር። የቀረው 9 ቮልት ተኩል የሚጠፋው ወይ ከቆጣሪው በፊት ባለው የሰፈር መስመር ላይ ነው፣ ወይ ግቢህ ውስጥ የላላ ብሎን ሥር ነው።

ሁለተኛው ከሆነ ነገሩ የዕቃ ጉዳት ብቻ አይደለም። 9.5 ቮልት በ6.8 አምፒር ሲባዛ ከ60 ዋት በላይ ነው። ያን ያህል ሙቀት የጣት ጫፍ በምታህል መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ እሳት ያስነሳል። ስታቢላይዘር ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ቮልቴጅ ሲያንስ ውጤቱን 220 ለማድረግ የግድ ተጨማሪ አምፒር መሳብ አለበት። 220 ላይ 4.5 አምፒር የሚወስድ 1000 ዋት ጭነት፣ በስታቢላይዘር በኩል 165 ቮልት ሲገባ ከ6 አምፒር በላይ ይስባል። ያ ሁሉ የሚያልፈው በዚያው በላላ ብሎን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አውቶክሌቩ በርቶ እያለ ሦስት ቦታ አስለካ፦ ዋናው ብሬከር መግቢያ ላይ፣ መውጫው ላይ፣ ከዚያ ላብራቶሪው ሶኬት ላይ። መግቢያውም አብሮ ወደ 166 ከወረደ ችግሩ ከውጭ ነው። መግቢያው 175 ላይ ቆሞ ሶኬቱ ብቻ 164 ካለ ከውስጥ ነው። በዚያው ቅጽበት ሶኬቱ ላይ በኒውትራልና (መመለሻው ሽቦ) በግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄደው) መካከልም ይለካ። ግራውንዱ ደህና ከሆነና 1 ቮልት ገደማ ካሳየ የላላው ፌዙ (ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ) በኩል ነው፤ 8 ወይም 10 ካሳየ ኒውትራሉ ነው።

የቆጣሪው ፕሎምባ (ማሸጊያው) ግን አይነካም። ከሱ ወዲያ ያለው የመብራት ኃይል ሥራ ነው።

ባዮሜድ_ሐዋሳ

ጥገና_ናዝሬት ያለው ልኬት ይቅደም። እኔ በዕቃዎቹ በኩል ልምጣ፤ ሁሉም እኩል ጥበቃ አይፈልጉም።

አውቶክሌቩን ከስታቢላይዘር አውጡት። ማሞቂያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ አይበላሽም፣ ጉልበቱ ነው የሚቀንሰው፤ ቅናሹ ግን ከሚገመተው በላይ ነው። 164 ቮልት ላይ 2000 ዋቱ 1100 ያህል ብቻ ይሆናል። ለመሞቅ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጊዜ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ ሰዓት አያያዙ ነው። የማምከኛው ጊዜ የሚቆጠረው ማብሪያው ከተጫነበት ሳይሆን 121 ዲግሪ ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ጠዋት በለመዱት ደቂቃ ማታ የሚያወጡት ዕቃ ያልመከነ ሊሆን ይችላል።

ሌዘር ፕሪንተሩም ከማሽኖቹ ጋር አንድ መስመር ላይ አይግባ። ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍል በየጥቂት ሰከንዱ ብዙ መቶ ዋት እየሳበ ይለቃል፣ ስታቢላይዘሩንም ዩፒኤሱንም እረፍት ይነሳቸዋል። ለላፕቶፕ፣ ለስልክ ቻርጀርና ጀርባቸው ላይ «100–240 ቮልት» ለተጻፈባቸው ዕቃዎች ሁሉ ስታቢላይዘር ገንዘብ ማባከን ነው። የእናንተ 168 ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም።

ፍሪጁ ግን በደንብ ያስፈልገዋል። የኮምፕሬሰር ሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። 168 ቮልት የ220 76 በመቶ ነው፣ ጉልበቱ ግን 58 በመቶ ብቻ ይቀራል። ጋዙ በአንድ በኩል ተጨምቆ እያለ በዚህ ጉልበት መዞር ያቅተዋል። ያ ማጉረምረሙ ይህ ነው። ሮተሩ ቆሞ እያለ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ አምፒር በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ይፈሳል፣ ኦቨርሎዱ (መከላከያው) ሞቆ ይቆርጣል፣ ሲበርድ ደግሞ ይሞክራል። በየሙከራው የጥቅሉ ቫርኒሽ እየተቀቀለ ይሄዳል። ኮምፕሬሰር በአንድ ቀን ተቃጠለ ሲባል ብዙ ጊዜ የወራት ሥራ ነው።

አሁን ያለው 1000 ቪኤ ለምን አልበቃም? ፍሪጁ ሲሠራ 1.2 በ220፣ ማለትም 264 ቪኤ ነው። ሲነሳ ግን ከ1300 እስከ 1600 ቪኤ ይጠይቃል። ስታቢላይዘሩ ላይ የተጻፈው 1000 ደግሞ ለ220 አካባቢ እንጂ ለ165 አይደለም። ዝቅ ባለ መግቢያ አቅሙ ወደ 70 በመቶ፣ 140 ላይ ወደ ግማሽ የሚወርድ ብዙ ነው፤ መመሪያው ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ይኖራል፣ ከሌለ ሻጩ ያምጣ። ለፍሪጁ ብቻውን ቢያንስ ባለ 2 ኬቪኤ፣ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ባለ 3 ግዙ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መሆን አለበት። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመጣ ግፊቱ እኩል ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው እሱ ነው። ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ፍሪጅ ስታቢላይዘሮች ለብቻው መስፈርት አለው፣ እሱን የሚያሟላ ይፈለግ።

ኬሚስትሪ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሃሎጅን መብራት ሌላው ስስ ቦታ ነው። የሃሎጅን ብርሃን ለቮልቴጅ በጣም ስሱ ነው፤ መብራቱ ላይ 5 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ 16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ 5 በመቶ ቢጨምር ዕድሜው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ማሽኑ የራሱ ሬጉሌተር ስላለው እስከ የተወሰነ ልክ ይቋቋማል። መግቢያው ሬጉሌተሩ ከሚችለው በታች ሲሆን ግን ንባቡ መዋዠቅ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚጎዱት በ340 ናኖሜትር የሚነበቡት ናቸው፤ ሃሎጅን በዚያ ሞገድ ላይ ቀድሞውንም ብርሃኑ ደካማ ነው። ማታ ማታ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ (የጉበት ምርመራዎች) እየተዛቡ ግሉኮስ ደህና ከሆነ ሪኤጀንቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ቮልቴጁን እዩ። ብላንክ (ናሙና የሌለበት ፈሳሽ) አንብባችሁ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት አምስት ጊዜ ድገሙት፤ በማታና በጠዋት መካከል ያለው ልዩነት ይነግራችኋል።

ሲቢሲው የሚፈራው መቋረጥን ነው። በመሃል ሲጠፋ ደም ቱቦውና ቀዳዳው ውስጥ ይደርቃል። ለሱ ስታቢላይዘር ብቻ አይበቃም፣ ዩፒኤስ ይፈልጋል።

ቶሮይድ

ስለ ዓይነቶቹ ልመልስ።

ባለ ሬሌዩ ውስጥ ያለው ብዙ መውጫ ያለው አውቶትራንስፎርመር ነው። ቦርዱ መግቢያውን እየለካ ሬሌዮቹን (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ያቀያይራል፣ በደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ውጤቱ ልክ 220 ሆኖ አይቆምም፤ ከ200 እስከ 240 ባለው ውስጥ ይዘላል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ። ለፍሪጅ ይበቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ባለ ሰርቮው ትንሽ ሞተር የካርበን ብሩሹን በጥቅሉ ላይ እያንሸራተተ ነው የሚያስተካክለው፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 3 በመቶ ውስጥ ይቆያል። ቀርፋፋነቱ ግን አለ። ሦስተኛው ሞተርም ሬሌይም የሌለው፣ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ የሚያስተካክለው ስታቲክ የሚባለው ነው፤ ፈጣንም ትክክለኛም ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ሲበላሽም ጠጋኝ እንደ ልብ አይገኝም።

ቀጭ ቀጭ ስለሚለው፦ ቮልቴጁ ደረጃ የሚቀየርበት ወሰን ላይ ሲያርፍ ነው። 176 ላይ ሬሌዩ አንድ ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ሲያደርግ የሚሳበው አምፒር ይጨምራል፤ አምፒሩ ሲጨምር መግቢያው ወደ 172 ይወርዳል፤ ሌላ ደረጃ ይወጣል። ፍሪጁ ሲያርፍ መግቢያው ተመልሶ ይወጣል፣ ሬሌዩም ይወርዳል። እንዲህ ሲመላለስ ያድራል። በየምላሹ የሬሌዩ ነጥቦች ይቃጠላሉ፣ አንድ ቀን ተጣብቆ ይቀራል። ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ከተጣበቀና ሌሊት 236 ከመጣ ፍሪጁ ከ300 ቮልት በላይ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀጭ የሚል ስታቢላይዘርን ለምዶ መተው አይገባም፤ ወይ መስመሩ ይስተካከል፣ ወይ አቅሙ ከፍ ያለ ይተካ።

ሰርቮ የምትገዙ ከሆነ ሻጮች የማያነሱትን አንድ ነገር ጠይቁ። መግቢያው 170 ሆኖ ብሩሹ 220 ለማውጣት ወጥቶ ቆሟል። ያኔ መብራት ሄደ። ብሩሹ ባለበት ይቀራል፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ ኃይል የለማ። ሲመለስ 235 ይዞ መጣ። 235 ሲካፈል ለ170፣ ሲባዛ በ220፤ 304 ቮልት። ብሩሹ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ለኬሚስትሪ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። ጥሩ ሰርቮ መውጫው ላይ ኮንታክተር (ትልቅ ሬሌይ) አለው፤ መብራት ሲመጣ መውጫውን ዘግቶ ብሩሹ ቦታውን እስኪይዝ ይጠብቃል፣ በሥራ ላይ እያለም ውጤቱ 245 ወይም 250 ካለፈ ይቆርጣል። ይህ የሌለው ሰርቮ ለላብራቶሪ አይገዛ፣ በነፃ ቢሰጥም።

አቅሙን ሳትፈቱት ለማወቅ መግቢያ ብሬከሩንና ገመዱን እዩ። እውነተኛ 5 ኬቪኤ በ220 ቮልት 23 አምፒር፣ በ165 ደግሞ 30 አምፒር ይወስዳል። «5000» ተጽፎበት 16 አምፒር ብሬከርና ባለ 1.5 ገመድ ካለው ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

የዩፒኤሱ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ስታቢላይዘር፣ ከዚያ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ማሽኑ። የተገላቢጦሹ በፍጹም አይሆንም፤ የብዙ ርካሽ ዩፒኤሶች የባትሪ ሞገድ አራት ማዕዘን ስለሆነ የስታቢላይዘሩን ትራንስፎርመር ያሞቃል፣ ቦርዱም ልኬቱን ይስታል። በተጨማሪ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዩፒኤስ በውስጡ የራሱ ስታቢላይዘር አለው። ከባለ ሬሌይ በኋላ ከተሰካ ሁለቱ አንዱ ሌላውን እያሳደደ ያቀያይራሉ፤ ዩፒኤሱ በየቀጭታው ባትሪ ላይ እየወጣ ባትሪውን ይጨርሳል። ለላብራቶሪ ኦንላይን የሚባለውን ውሰዱ። የሚገባውን ወደ ዲሲ ቀይሮ እንደገና 220 ስለሚሠራ ማሽኑ ከመስመሩ ጋር አይገናኝም።

እንደኔ ቢሆን ባለ 3 ኬቪኤ ሰርቮ (ኮንታክተር ያለው)፣ ከሱ ሁለት ሶኬት። በአንዱ ባለ 1 ኬቪኤ ኦንላይን ዩፒኤስ፣ በሱ ላይ ኬሚስትሪ፣ ሲቢሲና ኮምፒውተር፤ ኮምፒውተሩ 200 ያህል ሲታሰብ ድምሩ 620 ቪኤ ገደማ ነው። በሌላው ሴንትሪፊውጁ። ፍሪጁ የራሱ። አንድ ትልቅ 5 ኬቪኤ ሲበላሽ ላብራቶሪው በሙሉ ይቆማል፣ የፍሪጁ መነሻ ደግሞ የማሽኖቹን ቮልቴጅ ያናውጣል።

ላብ_አዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሺያን ለካልን። አውቶክሌቩ በርቶ፦ ዋናው ብሬከር መግቢያ 175፣ መውጫው 174፣ ላብራቶሪ ሶኬት 164። ኒውትራልና ግራውንድ መካከል 8.6 ቮልት። ሳጥኑ ሲከፈት የኒውትራል ማሰሪያው ላይ የላብራቶሪው ሽቦ ላስቲክ ጠቁሮ ጠንክሯል። ቀጥሎ ምን ይደረግ?

ጥገና_ናዝሬት

ልኬቱ ቁልጭ ያለ ነው፤ ጥፋቱ ኒውትራል ማሰሪያው ላይ ነው። ዋናው ብሬከር ይውረድ፣ ቴስተርና መልቲሜትር ተይዞ ኃይል እንደሌለ ይረጋገጥ። ከዚያ ዝም ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ አይበቃም። የጠቆረው መዳብ ኦክሳይድ አለው፣ ላስቲኩም ተሰባብሯል፤ የጠቆረው ክፍል በሙሉ ንጹህ ቀይ መዳብ እስኪታይ በፒንሳ ይቆረጥ፣ አዲስ ጫፍ ይላጥ። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ከሆነ ጫፉ ላይ ፌሩል (ክሮቹን የሚሰበስብ ትንሽ የብረት ቱቦ) ይደረግና ይጨመቅ። አንድ ብሎን ሥር ሁለት ሽቦ አይግባ። ማሰሪያው ራሱ ጠቁሮ ከሆነ፣ ብሎኑም ክሩ ከተበላ፣ ማሰሪያው በሙሉ ይቀየር፤ አንዴ የሞቀ ነሐስ ተመልሶ አጥብቆ አይይዝም። ሽቦው አጥሮ ካልደረሰ በጥሩ ኮኔክተር ይቀጠል እንጂ ተጠማዞ በቴፕ አይጠቅለል።

ሲያልቅ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት ይለካ። ሶኬቱ 171 ወይም 172፣ ኒውትራልና ግራውንድ መካከል ከ2 ቮልት በታች መሆን አለበት። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሁሉም ብሎን በካቻቢቴ ይፈተሽ፤ መዳብ ሲሞቅና ሲበርድ ይቀመጣል። አውቶክሌቩ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ከማሽኖቹ ጋር አንድ ሽቦ መጋራቱ በራሱ ስህተት ነው።

መስመር_33

ከውጭ ስላለው ክፍል። መግቢያው ላይ ያለው 175 ከመንደሩ መስመር ነው። ቆቃ ግድብ ቅርባችን ስለሆነ አዳማ ኃይል አይጎድልባትም የሚል ግምት ይሰማል፤ ቆቃ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመነጫል፣ ነገር ግን የሚመነጨው ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው የሚገባው። የእናንተን ማታ የሚወስነው በሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር፣ ከሱ እስከ እናንተ ያለው የ380 መስመር ርዝመትና ውፍረት፣ እንዲሁም ምሽት ላይ ስንት ምጣድና ምድጃ በየትኛው ፌዝ ላይ እንደተጫነ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል።

ለ905 (ለመብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል) ሲደወል «መብራት ደካማ ነው» ከማለት ይልቅ የሰዓትና የቮልቴጅ ዝርዝሩ፣ በተለይ ዋና ብሬከር መግቢያ ላይ የተለካው፣ ይነገር። ቴክኒሻኖቹ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ፦ የእናንተን መስመር ጭነት ወዳነሰበት ፌዝ ማዞር፣ የትራንስፎርመሩን ታፕ (የቮልቴጅ መምረጫ) አንድ ወይም ሁለት ደረጃ መቀየር (በብዛት እያንዳንዱ 2.5 በመቶ ነው)። ታፕ ከፍ ሲደረግ ሌሊት ላይ ያለው 236ም አብሮ ከፍ እንደሚል አስታውሷቸው፤ ስለዚህ ፌዝ ማመጣጠኑ ይመረጣል።

አሁን ወደ አራተኛው ጥያቄ። ስታቢላይዘር ቀስ ብሎ ለሚወርድና ለሚወጣ ቮልቴጅ ነው። ሁለት ነገሮችን አይመክትም።

አንደኛው የመንደር ኒውትራል መበጠስ ነው። ኒውትራሉ ሲቋረጥ በሁለት ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች በ380 ቮልት ላይ ተከታትለው የታሰሩ ይሆናሉ፤ ክፍፍሉ እንደ ጭነታቸው ነው። በአንዱ ፌዝ ብዙ ምጣድ ኖሮ 10 ኦም ቢሆን፣ በሌላው ጥቂት ዕቃ ኖሮ 40 ኦም ቢሆን፣ አንደኛው 76 ቮልት ሁለተኛው 304 ቮልት ያገኛል። ትንሽ ጭነት ያለው ቤት ነው የሚቃጠለው፤ ሌሊት ላይ ክሊኒክ ማለት እሱ ነው። ስታቢላይዘሩ ራሱ በዚህ ይቃጠላል። መፍትሔው ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ የሚገጠም የቮልቴጅ ሬሌይ ነው፣ ባለ 40 ወይም ባለ 63 አምፒር። ላይኛውን ወሰን 255፣ ታችኛውን 150፣ መመለሻውን 180 ሰከንድ አድርጉት። ታችኛውን 180 ላይ ካስተካከላችሁት ማታ ማታ ሙሉ ላብራቶሪው ይጠፋል፤ ስታቢላይዘሩ እንዲሠራ ቦታ መተው አለበት።

ሁለተኛው መብረቅና ድንገተኛ ስፓይክ ነው። በሚሊዮንኛ ሰከንድ ስለሚያልፍ ሬሌይም ሰርቮም አይደርስበትም። ለሱ ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ታይፕ 2 የሚባለው፣ ሳጥኑ ውስጥ ይገጠማል፤ የሚያያዝባቸው ሽቦዎች ተደምረው ከግማሽ ሜትር አይብለጡ፣ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። መስኮቱ ቀይ ሲሆን ካርትሪጁ ይቀየራል። ያለ ግራውንድ ሰርጅ ፕሮቴክተር ሙሉ ሥራውን አይሠራም፤ ዘንጉ ከ10 ኦም በታች መሆኑ በግራውንድ መለኪያ ይረጋገጥ፣ በተራ መልቲሜትር አይለካም። በደረቁ ወራት የአዳማ አፈር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ልኬቱ በበጋ ቢሆን ትክክለኛውን ክፉ ቁጥር ታገኛላችሁ።

ኒውትራልና ግራውንድ ከስታቢላይዘሩ በኋላ አንድ ላይ እንዳይታሰሩ። ስታቢላይዘሩ አውቶትራንስፎርመር ነው፣ ከመስመሩ አይለይም።

ላብ_አዳማ

ማሰሪያው ተቀይሯል፤ ሶኬቱ አውቶክሌቩ በርቶ 172፣ ኒውትራልና ግራውንድ 1.4 ሆነ። የፍሪጁም ቀጭ ቀጭ ቀንሷል። ሰርቮውን ከሱቅ ሳንወስድ እንዴት እንፈትሸው? ከተገዛ በኋላስ ምን እንክብካቤ አለው?

ቶሮይድ

የምትሄዱት መልቲሜትርና ባለ 1000 ዋት ካውያ ይዛችሁ ነው። ሰዓቱ ምሽት ይሁን፣ ሱቁም ቮልቴጁ ሲወርድ እንዲታይ። ስታቢላይዘሩን ሰክታችሁ መውጫው እስኪከፈት ያለውን ጊዜ ቁጠሩ፤ ወዲያው ከከፈተ ማዘግያው የለም ወይም ጠፍቷል። ያለ ጭነት መውጫውን ለኩ፣ ከዚያ ካውያውን ሰክታችሁ ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ቮልት በላይ ከሆነ ጥቅሉ ቀጭን ነው። ፊት ለፊት ያለው ማሳያ ላይ አትመኩ፤ አንዳንድ ርካሽ ቦርዶች መውጫውን ሳይለኩ 220 ይጽፋሉ። ካውያው 20 ደቂቃ ከሠራ በኋላ የገመዱን ጫፍና ስታቢላይዘሩ የኋላ ማሰሪያ አጠገብ ያለውን ሽፋን በእጅ ንኩ፤ ለብ ማለት ችግር የለውም፣ እጅ የማያስነካ ከሆነ ተዉት። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታም ከመጣ እንዲሁ።

እንክብካቤው አቧራና ብሩሽ ነው። አዳማ ንፋሷና አቧራዋ የታወቀ ስለሆነ በመስኮት ሥር ወይም ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ከወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ 15 ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ ካርቶን አይደርደር። በየስድስት ወሩ ሶኬቱ ተነቅሎ ሽፋኑ ይከፈት። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራው ይጠረግ፣ ካርበኑ የሚሄድበት የተላጠ የመዳብ ጎዳና በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 600 ወይም ከዚያ በላይ፣ በቀስታ በጥቅሉ አቅጣጫ ይታሽ፤ ከዚያ የመዳቡ ብናኝ በደንብ ይጠረግ፣ በሁለት ጥቅል መካከል ከቀረ ያገናኛቸዋል። ካርበኑ ከአዲስነቱ ግማሽ ከደረሰ ወይም ጫፉ ከተሸራረፈ ይቀየር፤ መለዋወጫውን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስፋቱ ከአንድ የመዳብ ዙር ብዙ ከሰፋ ዙሮቹን በአንድ ላይ ነክቶ ያሞቃቸዋል። በመጨረሻ ብሩሹን በእጅ ከዳር እስከ ዳር አንሸራትቱት፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ ጊሩ አቧራ በልቷል ማለት ነው፣ ሞተሩ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆምና ውጤቱ 220 ሳይደርስ ይቀራል።